ሃርፕ በጃዝ ሙዚቃ፤ የመሣሪያው ጠባይና የተጫዋቾቹ ዕድል

ስለ ጃዝ ሙዚቃ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ሃርፕ የተባለው ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ሲነሣ፣ ለዚህ ዐይነት ጨዋታ የማይመች ነው የሚል ፍርድ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ለፍርዱ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው፣ የመሣሪያው ድምፅ ለስላሳ ስለ ሆነ በትራምፔትና በከበሮ መካከል ይዋጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አውታሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ቶሎ ስለማይቋረጥ አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር ይደበላለቃል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የጸናው፣ የአውታሮቹ ቅኝት የሚለወጠው በእግር ስለ ሆነ ተጫዋቹ አስቀድሞ ያላሰናዳውን ዜማ በቅጽበት ፈጥሮ ሊጫወት አይችልም የሚል ነው። እነዚህ ምክንያቶች ሁሉም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዝርዝር ሲመረመር፣ ሃርፕን ከጃዝ አርቆ ያቆየው የመሣሪያው ጠባይ ብቻ እንዳልነበረ ይታያል። መሣሪያው በማን ቤት ይገኝ ነበር፣ ማንስ ይማረው ነበር የሚለው ጥያቄ ከአውታሮቹና ከመርገጫዎቹ ያላነሰ ክብደት አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በአማርኛ ሃርፕን በገና ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው፤ የውጭ አገር ጸሐፊዎችም በበኩላቸው የእኛን በገና የዳዊት ሃርፕ እያሉ ይጠሩታል። ነገር ግን ሆርንቦስቴልና ዛክስ የተባሉት ሊቃውንት በ1914 ባወጡት የሙዚቃ መሣሪያዎች አከፋፈል መሠረት ሁለቱ በወገን ይለያያሉ። በገናና ክራር ከገበቴው የሚነሡ ሁለት ቋሚ እንጨቶችና በላያቸው የተጋደመ ቀንበር ስላላቸው፣ አውታሮቹም በድምፅ ሳጥኑ ፊት ላይ ተዘርግተው ስለሚያልፉ፣ ላየር ከሚባለው ወገን ይመደባሉ። በሃርፕ ላይ ግን አውታሮቹ ከድምፅ ሳጥኑ ፊት ቀጥ ብለው ተነሥተው ወደ መሣሪያው አንገት ይወጣሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በገና የሚለው ቃል ለኢትዮጵያው መሣሪያ ብቻ ተጠብቆ፣ የአውሮፓው በተለመደ ስሙ ሃርፕ ተብሏል።

ሆኖም ሁለቱን የሚያመሳስላቸው አንድ ዐቢይ ነገር አለ። እንደ ማሲንቆ አውታሩን በጣት እየጫኑ ከአንዱ ብዙ ድምፅ ማውጣት በእነርሱ ዘንድ የተለመደ አይደለም፤ እያንዳንዱ አውታር የተቃኘበትን ድምፅ ይሰጣል። ክራር መቺ ከትዝታ ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር ሲፈልግ ጨዋታውን አቁሞ አውታሮቹን እንደገና መቃኘት ይኖርበታል። የአውሮፓ ሃርፕም በጥንት ዘመን በዚሁ ችግር ውስጥ ነበረ። በ18ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር በእግር የሚሠራ መርገጫ ተበጀለት፤ ከዚያም ሴባስቲያን ኤራር የተባሉት ፈረንሳዊ መሣሪያ ሠሪ ዛሬ የሚሠራበትን ባለ ሁለት ደረጃ መርገጫ ፈልስፈው በ1810 በለንደን የፈጠራ መብት አወጡበት።

በዛሬው የኦርኬስትራ ሃርፕ ላይ 47 አውታሮች አሉ። የዶ፣ የሬ፣ የሚ፣ የፋ፣ የሶል፣ የላና የሲ አውታሮች በተራ እየተደጋገሙ ከስድስት ኦክታቭ በላይ ይዘልቃሉ፤ ዐይን በቀላሉ እንዲለያቸውም የዶ አውታሮች ቀይ፣ የፋ አውታሮች ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀለም አላቸው። በግርጌው ሰባት መርገጫዎች ይገኛሉ፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ መርገጫ ሦስት ማረፊያ አለው። ላይኛው ማረፊያ ድምፁን በግማሽ ዝቅ ያደርገዋል፤ መካከለኛው እንዳለ ይተወዋል፤ ታችኛው በግማሽ ከፍ ያደርገዋል። አንድ መርገጫ በተንቀሳቀሰ ጊዜ የዚያ ስም አውታሮች ሁሉ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ አብረው ይለወጣሉ። እጆቹ በሚጫወቱበት ጊዜ እግሮቹ ለሚቀጥለው ቅኝት ይዘጋጃሉ ማለት ነው። በጽሑፍ የተዘጋጀ ሙዚቃ ሲሆን ይህ አያስቸግርም፤ ተጫዋቹ መርገጫውን መቼ እንደሚያንቀሳቅስ በወረቀቱ ላይ አስቀድሞ ምልክት ያደርጋልና። ችግሩ የሚመጣው ወረቀት በሌለበት ጨዋታ ነው።

የጃዝ ሙዚቃ ዋና መለያ ፈጥሮ መጫወት ነው። ይህም ያለ ሥርዐት እንደ ልብ መጫወት እንዳይመስል፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከቅኔ ቤት ምሳሌ ቢቀርብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት እንዲቆም ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ምሥጢሩ ግን አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተሰማውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የሚያመጣ ባለቅኔ አይመሰገንም። በጃዝም እንዲሁ ነው። የመዝሙሩ ልክ፣ ለምሳሌ 12 ወይም 32 መስፈሪያ፣ በውስጡም የሚፈራረቁት ኅብረ ድምፆች ማለት አንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ ለተጫዋቾቹ ሁሉ የታወቁ ናቸው። ተጫዋቹ ተራው ሲደርስ በዚያ ልክ ላይ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ዜማ ያበጃል። ስለዚህ ኅብረ ድምፁ በተለወጠ ቁጥር ከአዲሱ ጋር የሚስማማ ድምፅ በእጁ ሥር ማግኘት ያስፈልገዋል።

ፒያኖ ለሚጫወት ሰው ሁሉም ድምፆች በፊቱ ተዘርግተዋል። ሃርፕ ለሚጫወት ሰው ግን አይደለም። ለምሳሌ ከዶ ሜጀር ወደ ሚ ዝቅ ሜጀር ለመሻገር የሲ፣ የሚና የላ አውታሮች በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት አለባቸው። የሲ መርገጫ በግራ እግር በኩል ነው፤ የሚና የላ መርገጫዎች ግን ሁለቱም በቀኝ እግር በኩል ስለ ሆኑና በመካከላቸው የፋና የሶል መርገጫዎች ስላሉ ቀኝ እግር አንዱን ፈጽሞ ወደ ሌላው መሄድ ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ምት ውስጥ መፈጸም አለበት። በዚህ ላይ የቀድሞው ድምፅ እንዳይቀላቀል አውታሮቹን በመዳፍ ማፈን ይጠይቃል። እንግዲህ በሃርፕ ፈጥሮ የሚጫወት ሰው በጣቱ የአሁኑን፣ በእግሩ የሚመጣውን፣ በመዳፉ ያለፈውን እየጠበቀ ይጫወታል። ሥራው ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን እንዳልሆነ ወደ ኋላ ከሚጠቀሱት ተጫዋቾች ሥራ ይታወቃል።

ከመሣሪያው ጠባይ ወደ መሣሪያው ባለቤቶች ሲታለፍ ሌላ ነገር ይታያል። ሃርፕ በአውሮፓ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቤት መሣሪያ ሆኖ ኖረ፤ የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ራሷ ትጫወተው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የጨዋ ቤት ልጃገረዶች የሚማሩት ጌጥ ሆነ። ዋጋው ውድ፣ ክብደቱም 36 ኪሎ ገደማ ስለ ሆነ በድኻ ቤት የሚገኝ፣ ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት የሚዞርም መሣሪያ አልነበረም። የሴቶች መሣሪያ ተብሎ መቆጠሩ ለሴቶች አንድ በር ከፍቶላቸዋል፤ በ1930 ኤድና ፊሊፕስ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ዋና የሃርፕ ተጫዋች ሆነው ሲቀጠሩ በዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ይኸው በር ግን ለጥቁር አሜሪካውያን የተከፈተ አልነበረም። ጃዝን የፈጠሩት ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ስለዚህ ሙዚቃውን የሚያውቁት ሰዎች መሣሪያው አልነበራቸውም፤ መሣሪያው የነበራቸው ሰዎች ሙዚቃውን አልተማሩትም።

በዚህ ምክንያት በጃዝ ሃርፕ መጀመሪያ የታወቁት ከነጮች የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የወጡ ሰዎች ናቸው። ካስፐር ሪርደን በፊላደልፊያ ከተማ በከርቲስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከታላቁ የሃርፕ መምህር ከካርሎስ ሳልዜዶ ዘንድ ተምረው በሲንሲናቲ ኦርኬስትራ ዋና የሃርፕ ተጫዋች ሆኑ። በ1934 ከትሮምቦን ተጫዋቹ ከጃክ ቲጋርደን ጋር ሸክላ ሲያስቀርጹ ሃርፕ በጃዝ ጓድ ውስጥ በተራው ብቻውን ሲናገር ተሰማ። ሪርደን በ1941 ገና በ33 ዓመታቸው ዐረፉ። በእርሳቸው ፋንታ በኒው ዮርክ በ52ኛው መንገድ በሚገኘው ሂኮሪ ሀውስ በተባለው የምሽት ክበብ የተሰሙት አዴል ጂራርድ ናቸው፤ በ1937 ክላሪኔት ተጫዋቹን ጆ ማርሳላን አግብተው ከእርሳቸው ጋር ለብዙ ጊዜ ተጫውተዋል። የሁለቱ ሥራ ሃርፕ በዘመኑ የዳንስ ምት መራመድ እንደሚችል አስረድቷል። ነገር ግን አድማጩ የተቀበላቸው እንደ አዲስ ነገር በመደነቅ እንጂ መንገድ እንደ ከፈቱ ሰዎች አልነበረም፤ ተከታይ ትውልድም ቶሎ አልተገኘላቸውም።

በ1940ዎቹ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከበደ። ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊለስፒ ከጓደኞቻቸው ጋር ቢባፕ የተባለውን አዲስ የጃዝ ስልት ሲያወጡ የምቱ ፍጥነት ጨመረ፤ ኅብረ ድምፆቹም በየመስፈሪያው ሁለት ጊዜ ያህል የሚለወጡበት ጊዜ በዛ። ለሃርፕ ይህ ማለት እግር የማያርፍበት ጨዋታ ነው። ሃርፕ ለጃዝ አይመችም የሚለው ፍርድ ከሁሉ ይልቅ እውነት ሊመስል የሚገባው በዚህ ጊዜ ነበር። ፍርዱን ያፈረሰው ሥራም የተነሣው በዚሁ ስልት ካደገ ትውልድ መካከል ነው፤ የተነሣበትም ስፍራ የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ የሆነችው ዲትሮይት ናት።

ፎርድ በ1914 ለሠራተኞቹ በቀን እስከ 5 ዶላር እንደሚከፍል ካስታወቀ ወዲህ ከደቡብ ክፍለ አገሮች ወደ ዲትሮይት የሚፈልሰው ሕዝብ እየበዛ ሄደ። በ1910 ከ6,000 ያልበለጡት የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች በ1930 ወደ 120,000፣ በ1950 ወደ 300,000 ደረሱ። በመኖሪያና በሥራ በኩል የዘር ልዩነቱ ጽኑ ነበር። ሆኖም በከተማዋ ውስጥ ካስ ቴክኒካል የተባለ የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ይህ ትምህርት ቤት ለፋብሪካ ሙያ የሚያሠለጥን ቢሆንም ጠንካራ የሙዚቃ ክፍል ነበረው፤ ከ1925 ጀምሮም ሃርፕ ያስተምር ነበር። መሣሪያዎቹ የትምህርት ቤቱ ስለ ሆኑ ወላጆቹ ሃርፕ መግዛት የማይችሉ ተማሪ መማር ይችል ነበር። ትራምፔት ተጫዋቹ ዶናልድ በርድና ባስ ተጫዋቹ ሮን ካርተር በዚሁ ትምህርት ቤት አልፈዋል። የሃርፕ መምህርቷ ቬልማ ፍሩድ ካስተማሯቸው መካከል አንዷ ዶረቲ አሽቢ ናቸው።

ወይዘሮ አሽቢ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዲትሮይት ተወለዱ። አባታቸው ጊታር ተጫዋች ስለ ነበሩ ጃዝን ከቤታቸው ተማሩ፤ እርሳቸውም መጀመሪያ የተጫወቱት ፒያኖ ነው። በዌይን ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ካጠኑ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሃርፕን ዋና መሣሪያቸው አደረጉ፤ ከበሮ ከሚመቱት ከባለቤታቸው ከጆን አሽቢ ጋር በመሆንም ጓድ አቋቁመው በከተማዋ መጫወት ጀመሩ። የምሽት ክበብ ባለቤቶችና አድማጮች ሃርፕን ከሠርግና ከቤተ ክርስቲያን ጋር ብቻ ያያይዙት ስለ ነበረ ሥራ ማግኘት ቀላል አልሆነላቸውም።

በ1957 «የጃዝ ሃርፕ ተጫዋች» የሚል ትርጉም ያለውን የመጀመሪያ ሸክላቸውን አወጡ። ከእርሳቸው ጋር የነበሩት የፍሉት ተጫዋቹ ፍራንክ ዌስ፣ ባስና ከበሮ ብቻ ናቸው። በዚህ ምርጫ ውስጥ ለመጀመሪያው ችግር የተሰጠውን መልስ ማየት ይቻላል፤ ትራምፔቱና ትሮምቦኑ ቀርተው በፋንታቸው ከሃርፕ ጋር የሚመጣጠነው ፍሉት ገብቷል። ለሁለተኛው ችግር መልሳቸው አውታሩን እንደ መቱ ወዲያው ማፈን ነው፤ በዚህም ድምፁ እንደ ጊታር አጭርና ጥርት ያለ ይሆናል። ለሦስተኛው ደግሞ እግራቸውን አሠለጠኑ። ቀኝ እጃቸው የቢባፕን ፈጣን ዜማ በነጠላ ድምፅ ሲያወጣ፣ ግራ እጃቸው በአጫጭር ኅብረ ድምፅ ሲያጅብ፣ እግራቸው የኅብረ ድምፁን ለውጥ ቀድሞ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ብዙዎች ከሃርፕ የሚጠብቁት አውታሮቹን ከዳር እስከ ዳር በመጥረግ የሚወጣውን የጎርፍ ድምፅ ነበር። ወይዘሮ አሽቢ ያን ሲፈልጉ ብቻ እንጂ ሁልጊዜ አልተጠቀሙበትም።

ከመርገጫው ችግር ራሱም አንድ ጥቅም ይገኛል። ዶን በግማሽ ከፍ፣ ሬን በግማሽ ዝቅ ቢያደርጉ ሁለቱ አውታሮች አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። በዚህ መንገድ ሰባቱን መርገጫዎች አስማምቶ በማቆም 47ቱ አውታሮች በአራት ድምፅ ብቻ እንዲናገሩ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ እጅ እንዳሻው ቢጠርግ የሚሰማው አንድ ኅብረ ድምፅ ነው። ይህን ፒያኖ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ መርገጫው እንቅፋት ብቻ ሳይሆን፣ ለሚያውቀው ሰው፣ ለሌላ መሣሪያ ያልተሰጠ ቃል ነው።

ወይዘሮ አሽቢ ከዚያ በኋላ ብዙ ሸክላዎች አውጥተዋል። ከእነዚህም በ1968 የወጣው «አፍሮ ሃርፒንግ» በጊዜው ከነበረው የጥቁር አሜሪካውያን የሶል ሙዚቃ ጋር ሃርፕን አስማምቷል፤ በ1970 በወጣው ሥራቸው ደግሞ የፋርሱን ባለቅኔ የዑመር ኻያምን አራት ስንኞች መነሻ አድርገው ከሃርፕ ሌላ ኮቶ የተባለውን የጃፓን መሣሪያ ተጫውተዋል። በዲትሮይት ከባለቤታቸው ጋር የቲያትር ጓድ አቋቁመው ስለ ጥቁር ሕዝብ ኑሮ የሚናገሩ ተውኔቶች አሳይተዋል። ወደ ካሊፎርኒያ ከተዛወሩ በኋላ በሌሎች ሰዎች ሸክላ ላይ በመጫወት ይተዳደሩ ነበር፤ በ1976 ከወጣው ከስቲቪ ወንደር ታላቅ ሥራ ውስጥ በአንዱ ዘፈን የድምፃዊው ዋና አጃቢ የእርሳቸው ሃርፕ ነው። በ1986 ሲሞቱ ግን ዝናቸው ከችሎታቸው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

ከዚያችው ከተማ ሌላ መንገድ የከፈቱት አሊስ ኮልትሬን ናቸው። በ1937 በዲትሮይት ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ሙዚቃና በፒያኖ አደጉ፤ በ1965 ሳክሶፎን ተጫዋቹን ጆን ኮልትሬንን አገቡ። ባለቤታቸው ሃርፕ አዝዘው ነበር፤ መሣሪያው የደረሰው ግን ጆን ኮልትሬን በሐምሌ 1967 ካረፉ በኋላ ነው። ወይዘሮ ኮልትሬን በኀዘናቸው ጊዜ ተለማምደውት በ1968 በወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው ከፒያኖ ጋር አሰሙት፤ በ1971 በወጣው «ጉዞ በሳቺዳናንዳ» በተባለው ሥራቸው ደግሞ ከሕንድ ታንፑራ ጋር አስማሙት።

የእርሳቸው አካሄድ ከወይዘሮ አሽቢ የተለየ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በተለይም ማይልስ ዴቪስ በ1959 ካወጡት ሸክላ ወዲህ፣ አንዱ የጃዝ ወገን የኅብረ ድምፅ ለውጥን አሳንሶ በአንድ ቅኝት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየትን መርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ሙዚቃ የሃርፕ መርገጫ አንድ ጊዜ ከተሰናዳ ብዙ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም። ጥርጊያውም እንደ ጌጥ ሳይሆን ዋና ንግግር ይሆናል፤ ድምፁ ሳይታፈን መቆየቱም ሙዚቃው የሚፈልገው ነገር ነው። ወይዘሮ አሽቢ መሣሪያውን ወደ ሙዚቃው አመጡት፤ ወይዘሮ ኮልትሬን ለመሣሪያው የሚስማማውን ሙዚቃ አገኙለት ሊባል ይችላል።

በዚህ ስፍራ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ወይዘሮ ኮልትሬን ሃርፕን የተማሩት በካስ ቴክኒካል ስላልሆነ፣ የትምህርት ቤቱ ድርሻ ከልክ በላይ ተጋኗል ሊባል ይቻላል። እርግጥ ነው፣ አንድ ትምህርት ቤት ታላቅ ተጫዋች አይፈጥርም፤ በዚያው ሃርፕ የተማሩት ሌሎች ተማሪዎች ሁሉ የጃዝ ተጫዋቾች አልሆኑም። የሁለቱ ታሪክ የሚስማማበት ነጥብ ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ጃዝን ጠንቅቀው የሚያውቁ የፒያኖ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ለሁለቱም የጎደለው ችሎታ ሳይሆን መሣሪያው ነበረ። ለአንዷ የሕዝብ ትምህርት ቤት፣ ለሌላዋ ባለቤቷ መሣሪያውን አቀረቡላቸው። መሣሪያውና ሙዚቃው በአንድ ሰው ዘንድ በተገናኙ ጊዜ፣ አይቻልም የተባለው ነገር በሁለት የተለያየ መንገድ ተቻለ።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ተጫዋቾች ይህን ያጸናሉ። በ1978 በቦጎታ የተወለዱት ኤድማር ካስታኜዳ የሚጫወቱት መርገጫ የሌለውን የኮሎምቢያና የቬኔዙዌላ ሜዳ አገር ሃርፕ ነው። በዚያ አገር ሃርፕ የመኳንንት ቤት ጌጥ ሳይሆን የከብት እረኞች የዘፈንና የጭፈራ መሣሪያ ስለ ሆነ ፈጥሮ መጫወት የቆየ ልማድ ነው፤ እርሳቸውም በግራ እጃቸው የባስን ሥራ እየሠሩ ያን ልማድ በኒው ዮርክ ከጃዝ ጋር አገናኝተውታል። በ1983 የተወለዱት ብራንዲ ያንገር ደግሞ በመርገጫው ሃርፕ የአሽቢንና የኮልትሬንን ፈለግ ተከትለዋል። በ2021 የወጣው ሸክላቸው የወይዘሮ ኮልትሬንን ሥራዎች ባሳተመው ኢምፐልስ በተባለው ድርጅት የታተመ ነው፤ በ2023 ያወጡት ሥራም በወይዘሮ አሽቢ ድርሰቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ሪርደንና ጂራርድ ያላገኙትን ተከታይ ትውልድ የዲትሮይት ሴቶች አግኝተዋል ማለት ነው።

የሙዚቃ መሣሪያዎችን የሚያጠና ሰው የመሣሪያውን አውታር መቍጠርና አሠራሩን መግለጽ ይገባዋል። ኤራር በ1810 የሠሩት መርገጫ ሪርደን በ1934 ከተጫወቱበት፣ አሽቢም በ1957 ከተጫወቱበት በመሠረቱ የተለየ አልነበረም። በእነዚህ ዓመታት መካከል የተለወጠው እንጨቱና አውታሩ ሳይሆን በአጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። አንድ መሣሪያ ለአንድ ዐይነት ሙዚቃ አይመችም የሚል ቃል በተሰማ ጊዜ፣ ሙዚቃውን የሚያውቁት ሰዎች መሣሪያውን የመያዝ ዕድል አግኝተው እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሃርፕ ታሪክ በጃዝ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ የተሰጠ ፍርድ ምን ያህል ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል፣ በጥቂት ሃርፖችና በአንዲት መምህርትም እንዴት ሊሻር እንደሚችል ያሳያል።